«የድብርት መድኃኒት የማህፀን ካንሰር ያመጣል» ሲሉሽ፦ ክኒኑን ከመጣልሽ በፊት

መጀመሪያ የዛሬውን ክኒን ዋጪ። ከዚያ እናወራለን።

ለቀልድ አይደለም። በየጊዜው አንድ ፖስት ይዞራል። በቲክቶክ ይመጣል፣ በቴሌግራም ይመጣል፣ አክስትሽ ከአሜሪካ በዋትሳፕ ትልክልሻለች። «የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ለማህፀን ካንሰር ይጋለጣሉ» ይላል። ከሥሩ አንገቷን የደፋች ሴት ፎቶ፣ በቃ። ማን አጠናው? የትኛውን መድኃኒት? የትኛውን ካንሰር? ስንት ሴት ላይ? ምንም የለም። ያነበበችው ሴት ግን የዚያን ቀን ማታ ክኒኗን ሳትወስድ ታድራለች፤ በማግስቱም እንዲሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ራሷን እያዞራት፣ እንቅልፍ አጥታ፣ በትንሽ በትልቁ እያለቀሰች «ይኸው ሱስ አስይዞኛል» ብላ ጨርሳ ትጥለዋለች።

ስለዚህ ወሬው ሲደርስሽ በምን ቅደም ተከተል ማሰብ እንዳለብሽ ልንገርሽ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በኛ ሲሆን እነግርሻለሁ።

በድንገት አታቁሚ

የድብርት መድኃኒት ከወራት በኋላ በአንድ ቀን ሲቆም ሰውነት ይደነግጣል። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንደ ጉንፋን የሚሰማ ሕመም፣ ቅዠት፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚያደርግ ስሜት ይመጣል። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች በዚህ በጣም ይታወቃሉ፤ አንድ ሁለት ቀን መዝለል ብቻ ይበቃል። ፍሎክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት ቀለል ይላል። አሚትሪፕቲሊንም ሰርትራሊንም ቢሆኑ እንዲሁ ተወርውረው የሚጣሉ አይደሉም።

ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የበሽታው መመለስ ነው። እንግሊዝ አገር ውስጥ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ በቆዩና «አሁን ደህና ነኝ፣ ማቆም እችላለሁ» በሚሉ 478 ሰዎች ላይ የተሠራ ሙከራ አለ፣ በ2021 የወጣ። ግማሾቹ ቀጠሉ፣ ግማሾቹ ቀስ በቀስ አቆሙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀጠሉት 39 በመቶው፣ ካቆሙት 56 በመቶው ድብርቱ ተመልሶባቸዋል። ልብ በይ፣ ካቆሙትም ብዙዎቹ አልተመለሰባቸውም። ማቆም ይቻላል። ግን ታስቦበት፣ ቀስ እያሉ፣ ከሐኪም ጋር እንጂ አንድ ፖስት አይተሽ በድንጋጤ አይደለም።

የትኛው ካንሰር ነው?

እኛ አገር «የማህፀን ካንሰር» ሲባል ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይደባለቃል። ወሬውን ያመጣልሽን ሰው «የትኛው?» ብለሽ ጠይቂው። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች አሉ፣ መነሻቸውም አንድ አይደለም።

የማህፀን በር ካንሰር በኛ አገር ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው። መነሻው ይታወቃል። ኤችፒቪ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ ካንሰር 95 በመቶ ያህሉ ሰውነት ሊያስወግደው ካልቻለ የኤችፒቪ ኢንፌክሽን የሚመጣ ነው ይላል። ስለዚህ «የድብርት ክኒን የማህፀን በር ካንሰር አመጣባት» የሚል ሰው ቫይረሱን ረስቶታል። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ደግሞ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች 6 እጥፍ ይደርሳል። እሷ ለምርመራው ከሁላችንም ቀድማ መሄድ አለባት።

ሁለተኛው የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ነው። ይሄ የሚበዛው የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ነው፣ ዋናው ገፊው ደግሞ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። የሰውነት ስብ ኢስትሮጅን ያመርታል። ለዚህ ነው ከመጠን በላይ ውፍረት ያላት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ2 እስከ 4 እጥፍ የሚሆነው። ይህን ያዥው፣ ወደ ክብደት ስንመለስ እንፈልገዋለን።

ሦስተኛው የእንቁላል እጢ ካንሰር ነው፣ ብዙዎቻችሁ ኦቫሪ የምትሉት። በዓለም ደረጃ ሲታይ ከሦስቱ ብርቅ ቢሆንም ክፉው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። እናት፣ እህት ወይም አክስት በእንቁላል እጢ ወይም በለጋ ዕድሜ በጡት ካንሰር ከታመመች በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ሊኖር ይችላል፤ ብራካ ዋን እና ብራካ ቱ የሚባሉት የጂን ለውጦች። ስለ ድብርት መድኃኒትና ስለ ሴቶች ካንሰር የተጻፉት ጥናቶች ከጡት ቀጥሎ በብዛት ያዩት ይህንን ነው።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። በ1992 ካናዳ ውስጥ ሎርን ብራንደስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሰቲን ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ ካንሰር የተወጉ ወይም በኬሚካል ዕጢ እንዲያወጡ የተደረጉ ነበሩ። መድኃኒቱን ያገኙት ዕጢያቸው ፈጥኖ አደገ። በዚያን ጊዜ ፕሮዛክ፣ ያው የፍሎክሰቲን የገበያ ስም፣ ገበያ ላይ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበርና ትልቅ ጫጫታ ሆነ። ከዚያ በ1995 አሜሪካ ውስጥ የእንቁላል እጢ ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ሲጠየቁ፣ ቀደም ሲል የድብርት ወይም የጭንቀት መድኃኒት ወስደናል ያሉት ካንሰር ከሌለባቸው በዛ ብለው ተገኙ። ከዚያ በኋላ የመጡ ሌሎች ጥናቶች ግን ተመሳሳይ ነገር ፈልገው አጡ።

በ2011 አንድ ቡድን ስለ ጡትና ስለ እንቁላል እጢ የተሠሩ 61 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። 20ዎቹ ግንኙነት አለ ብለዋል፣ 41ዱ የለም ብለዋል። ቁጥር የሰጡትን አንድ ላይ ሲደምሩ ጭማሪው 11 በመቶ መጣ። የዚህ ቡድን ሥራ ደስ የሚለው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣም አይቷል። ከመድኃኒት ፋብሪካ ጋር የገንዘብ ግንኙነት ካላቸው ተመራማሪዎች 15 ጥናቶች ውስጥ አንዱም «አደጋ አለው» አላለም። ግንኙነት ከሌላቸው 46 ውስጥ 20ው ብለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ በደንብ የሚያስጠረጥር ነገር ነው፣ ፋብሪካዎቹን በጭፍን እመኑ የምል ሰው አይደለሁም። ግን ይህም ቢሆን መድኃኒቱ ካንሰር ያመጣል የሚል ማረጋገጫ አይደለም። ጥናት ሲያነቡ ማን እንደከፈለ መጠየቅ ያስፈልጋል የሚል ነው።

ከዚያ ወዲህ የአገር ሙሉ የጤና መዝገብ ያላቸው አገሮች ገቡበት። ዴንማርክ ውስጥ በ2017 በወጣ ጥናት ኤስኤስአርአይ የሚባሉትን፣ ማለትም ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉበትን ቤተሰብ፣ የወሰዱ ሴቶች የእንቁላል እጢ ካንሰር እንዲያውም ትንሽ ቀንሶ ነው የተገኘባቸው። ታይዋን ውስጥ በጤና መድን መዝገብ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ያዩ ሰዎች ግንኙነት አላገኙም። እዚህ ላይ ደግሞ «እንግዲያው ክኒኑ ካንሰር ይከላከላል» ብለሽ እንዳትሮጪ። አንዱ ትንሽ ጨመረ፣ አንዱ ትንሽ ቀነሰ፣ አንዱ ምንም አላየም ማለት፣ ውጤቱ ቢኖር እንኳ በጣም ትንሽ ነው ማለት ነው። ትልቅ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁሉ ዓመት አይደበቅም ነበር። አሜሪካ ውስጥ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ በጥቁር ሳጥን የሚጻፈው ማስጠንቀቂያም ስለ ካንሰር አይደለም። ልጆችና ወጣቶች መድኃኒቱን ሲጀምሩ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳይመጣባቸው ተከታተሉ የሚል ነው።

«11 በመቶ» ስንት ሰው ነው?

ፖስቶቹ የሚያስፈራሩት በመቶኛ ነው። አንቺ ወደ ሰው ቀይሪው። በአሜሪካ አኃዝ ከ1000 ሴቶች በዕድሜ ዘመናቸው የእንቁላል እጢ ካንሰር የሚይዛቸው ወደ 11 ናቸው። ያ 11 በመቶ ጭማሪ እውነት ነው ብለን፣ ሙሉ በሙሉም የመድኃኒቱ ጥፋት ነው ብለን እንቁጠር። 11 የነበረው 12 ገደማ ይሆናል። ከ1000 አንድ ሰው። ያቺ አንዷ ሴት አትቆጠርም ማለቴ አይደለም፤ ግን በሌላው ሚዛን ላይ ደግሞ ድብርቱ ሲመለስ የሚሆነውን አስቀምጪ፦ ከሥራ መቅረት፣ ከልጆች መራቅ፣ አልጋ ላይ መዋል፣ ከዚያም የከፋው።

ማንኛውም ርዕስ «በ30 በመቶ ይጨምራል» ሲልሽ ጥያቄሽ አንድ ነው። ከስንት ወደ ስንት? ይህን ያልጻፈ ሰው ሊያሳውቅሽ ሳይሆን ሊያስደነግጥሽ ነው የፈለገው።

ማን ቀደመ?

ይህ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ። ጃንጥላ የያዘ ሰው በበዛበት ቀን ዝናብ ይኖራል፣ ዝናቡን ግን ጃንጥላው አላመጣውም። የእንቁላል እጢ ካንሰር ገና ሳይታወቅ በፊት ለወራት ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ሴትየዋ ሐኪም ጋ ትሄዳለች። «ምርመራሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ይመስላል» ተብላ ክኒን ይታዘዝላታል። ከዓመት በኋላ ካንሰሩ ይገኛል። መዝገቡ ላይ ምን ተጻፈ? መጀመሪያ ክኒን፣ ቀጥሎ ካንሰር።

አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት አለው። በትንሽ መጠን፣ 10 ወይም 25 ሚሊግራም፣ ለነርቭ ሕመም፣ ለማይግሬን፣ ለሆድ ሕመምም ይታዘዛል። ድብርት የሌለባቸው ብዙ ሴቶች ይወስዱታል፣ አንዳንዶቹ የድብርት መድኃኒት መሆኑንም አያውቁም። መዝገብ የሚቆጥር ጥናት እነሱንም ሊቆጥር ይችላል።

ሦስተኛው ደግሞ ድብርቱ ራሱ ነው። ድብርት ያለበት ሰው በአማካይ ይበልጥ ያጨሳል፣ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ክብደቱ ይለዋወጣል፣ ምርመራም ይዘላል። አሜሪካ ውስጥ ነርሶችን ለአሥርት ዓመታት በተከታተሉ ትልልቅ ጥናቶች ድብርት ያለባቸው ሴቶች የእንቁላል እጢ ካንሰር በዝቶ ተገኝቶባቸዋል። እንግዲህ ክኒኑን ከድብርቱ መለየት እንዴት ከባድ እንደሆነ አየሽ።

እውነት መጠንቀቅ ያለብሽ ቦታ

እዚህ ላይ ንቂ። ከፖስቱ ይልቅ የሚያሳስቡኝ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ታሞክሲፈን። የጡት ካንሰር ታክመሽ ይህን ክኒን የምትወስጂ ከሆነ፣ ሥራውን እንዲሠራ ጉበትሽ መጀመሪያ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር መለወጥ አለበት። ፓሮክሰቲንና ፍሎክሰቲን ያንን ለውጥ ያግዳሉ። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ታሞክሲፈንን ከአንድ የኤስኤስአርአይ ዓይነት ጋር በወሰዱ 2430 ሴቶች ላይ በተሠራና በ2010 በወጣ ጥናት፣ ከፓሮክሰቲን ጋር ለረጅም ጊዜ የደረቡት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በኋላ የወጡ አንዳንድ ጥናቶች ይህን አላዩም። ግን ሌላ አማራጭ እያለ ለምን ትጋፈጪዋለሽ? ቬንላፋክሲን፣ ሲታሎፕራም፣ ኤስሲታሎፕራም ያንን ለውጥ እምብዛም አይነኩም። የካንሰር ሐኪምሽና የአእምሮ ሐኪምሽ ሁለት ቦታ ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ማዘዣ ላያይ ይችላል። ሁለቱንም ክኒን ይዘሽ ሄደሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ደግሞ ታሞክሲፈን ራሱ፣ በተለይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ታሞክሲፈን ላይ ሆነሽ ደም ካየሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ሁለተኛ፣ ክብደት። ስብ ኢስትሮጅን ያመርታል፣ እሱም የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ይገፋል ያልኩሽን አስታውሺ። ሚርታዛፒን፣ አሚትሪፕቲሊንና ፓሮክሰቲን የምግብ ፍላጎት ከፍተው ክብደት ከሚጨምሩት ውስጥ ናቸው። ከጀመርሽ ወዲህ በወራት ውስጥ ልብስሽ ሁሉ ከጠበበሽ «ተመችቷት ነው፣ ወፍራለች» የሚለውን የጎረቤት ምርቃት ተቀብለሽ ዝም አትበይ። በየወሩ ተመዘኚ። ለሐኪምሽ «ክብደት የማይጨምር ሌላ መድኃኒት አለ ወይ?» በይው። ብዙ ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፣ ደም። ኤስኤስአርአይ የደም መርጋትን ትንሽ ያላላል። አንዳንድ ሴት የወር አበባዋ ይበዛባታል፣ አንዳንዷ በትንሽ ግጭት ሰውነቷ ይበልዛል። ከዚህ ላይ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ሲደረብ የጨጓራ መድማት ዕድል ይጨምራል። ለወር አበባ ሕመም ከፋርማሲ አይቡፕሮፌን ከመግዛትሽ በፊት ምን እንደምትወስጂ ንገሪያቸው፤ ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ትራማዶል ደግሞ ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሌላ ክፉ ነገር ስለሚያመጣ ሳትጠይቂ አትንኪው።

«የመድኃኒቱ ነው» ብለሽ የማታልፊያቸው ምልክቶች

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚጎዳው። የካንሰር ምልክቶችና የክኒኑ የጎን ጉዳቶች ይመሳሰላሉ። ሆድ መነፋት፣ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም። የአእምሮ ሕክምና ላይ ያለች ሴት «ሆዴን ያመኛል» ስትል ደግሞ «ጭንቀትሽ ነው» ተብላ የመመለስ ዕድሏ ከሌላዋ ይበልጣል። ስለዚህ ራስሽ አጥብቀሽ መያዝ አለብሽ።

የወር አበባሽ ከቆመ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም፣ ጠብታም ይሁን ነጠብጣብ ነገር፣ ካየሽ ምክንያት አትፈልጊለት። ሂጂ። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከያዛቸው ሴቶች 90 በመቶው ያዩት ይህንን ነው። ደግሞ አትሸበሪ፣ ከማረጥ በኋላ ደም ካዩ ሴቶች ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም። ግን ማን እንደሆነች ሳይመረመር አይታወቅም።

ከግንኙነት በኋላ ደም፣ በወር አበባና በወር አበባ መካከል ደም፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽ፦ የማህፀን በር ይታይ።

ሆድሽ ከተነፋ፣ ትንሽ በልተሽ ቶሎ ከጠገብሽ፣ ከእምብርት በታች ካመመሽ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካጣደፈሽ፣ ቁጥሩን ያዢ። እንግሊዞች ለሐኪሞቻቸው የሰጡት መመሪያ ከእነዚህ አንዱ በወር ከ12 ጊዜ በላይ ከመጣ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆንሽ፣ የእንቁላል እጢ ይመርመር ይላል። ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አለ። ምልክት ከሌለሽ ግን «ለማንኛውም» ብለሽ ሲኤ 125 አትሠሪ። እንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ በ2021 በወጣው የመጨረሻ ውጤት በየዓመቱ መመርመሩ ሞትን አልቀነሰም። ብርሽን ትከፍያለሽ፣ በሌላ ምክንያት ቁጥሩ ከፍ ካለ ደግሞ ለወራት እንቅልፍ ታጫለሽ።

ቀላሉ ዘዴ ስልክሽ ላይ ነው። ክኒኑን የጀመርሽበትን ቀን ጻፊ። መጠኑ የተቀየረበትን ቀን ጻፊ። አዲስ ምልክት ሲመጣ ቀኑን ጻፊ። የክኒኑ የጎን ጉዳት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም መጠን ሲቀየር ይመጣና እየቀለለ ይሄዳል። በዚያው መጠን ዓመት ከቆየሽ በኋላ ድንገት የመጣ የሆድ መነፋት ግን ክኒኑ ላይ የሚለጠፍ አይደለም።

ቅድመ ምርመራው የት ነው?

አገር ቤት ከሆንሽ፣ ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ በብዙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች አለ። የማህፀን በር ላይ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ያው እንደ አቼቶ ማለት ነው፣ ይቀባሉ፤ ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ካለ በዓይን ይታያል። ውጤቱ እዚያው ይነገርሻል። ለውጥ ከተገኘ ብዙ ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ያክሙታል፣ ካንሰር ሳይሆን በፊት። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለሴት ልጅሽ ደግሞ የኤችፒቪ ክትባት ከ2018 ማብቂያ፣ በኛ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። ትምህርት ቤት ሲመጡ «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ሰምተሽ እንዳታስቀሪያት፤ ያም ከዚያው ከፖስቱ ሰፈር የመጣ ነው።

አሜሪካ ያለሽ ከ21 ዓመትሽ እስከ 65 ትመረመሪያለሽ። ኢንሹራንስ ከሌለሽ፣ ለጡትና ለማህፀን በር ቅድመ ምርመራ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ፕሮግራም በየስቴቱ አለ፣ የካውንቲሽን ጤና ቢሮ ጠይቂ። እንግሊዝ ያለሽ ከ25 እስከ 64 ደብዳቤው ቤትሽ ይመጣል፤ አትቅደጂው። ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄጂ ከሆነ መድኃኒትሽን በዋናው ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ ጋር በእንግሊዝኛ አጽፈሽ ያዢ። በአእምሮ መድኃኒት ላይ እዚያ ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ተወስዶብሽ በድንገት ማቆም ደግሞ ከላይ የነገርኩሽን ያመጣል።

ድብርት ላይ ሆኖ ለምርመራ መነሳት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ልብስ ማጠብ በከበደበት ጊዜ ማን ተሰልፎ እግሩን ይከፍታል? ለዚህ ነው ትንሽ በተሻለሽ ሳምንት ቀጠሮ የሚያዘው፣ አንዲት ጓደኛም ይዞ የሚኬደው።

ሐኪምሽ ጋ ምን ትያለሽ?

ፖስቱን ማሳየት አያሳፍርም፤ አሳዪው። ግን «ካንሰር ያመጣል አሉ» ብለሽ ዝም ካልሽ «ወሬ ነው» ብሎ ያልፍሻል። እንዲህ በይ፦ «ዶክተር፣ ይህን መድኃኒት ከጀመርኩ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል። እናቴ የጡት ካንሰር ነበረባት። ከዚህ በተጨማሪ እነዚህን ክኒኖች እወስዳለሁ። ለእኔ ይኸኛው ትክክለኛው ነው ወይ? እስከ መቼ ነው የምወስደው?» የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ብዙ ሴቶች ክኒን ተጀምሮላቸው መቼ እንደሚያበቃ የነገራቸው የለም፤ ለዓመታት በየወሩ እያሳደሱ ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ቀጥሎ ማቆምን ማሰብ ይቻላል ይላል። ድብርቱ ተደጋግሞ የመጣባት ሴት ከዚያ በላይ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ሐኪሙ ቢቆጣሽስ? ሌላ ሐኪም አለ። የሚቆጣ ሐኪም ፈርቶ መድኃኒት በድብቅ ማቆም ግን አንቺን ብቻ ነው የሚቀጣው።

ለማቆም ከወሰንሽ

ተረጋግተሽ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረሽ ማቆም ከፈለግሽ ጊዜ ምረጪ። በፈተና፣ በለቅሶ፣ በፍቺ፣ አገር በምትቀይሪበት ወር አይሁን። መጠኑ በየሳምንታቱ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፣ ወደ መጨረሻው ሲደረስ ደግሞ ቅነሳው ይበልጥ ማነስ አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቸገረው የመጨረሻዋን ትንሽ መጠን ሲጥል ነው። ክኒንን በየሁለት ቀኑ መውሰድ መቀነስ አይደለም፤ አንድ ቀን ማቆም፣ አንድ ቀን መጀመር ነው፣ ሰውነትን ያናውጣል።

ሳይፈልጉ ማቆምም አለ። መድኃኒቱ ከገበያ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ግዢ። ከጠፋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስትዞሪ ቀናት ከመቁጠር ሐኪምሽ በሌላ እንዲተካልሽ ጠይቂ። ጾም ሲገባ «ጠዋት አልቀምስም» ብለሽ የምትዘልዪ ከሆነ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ብዙ ጊዜ ወደ ማታ መዛወር ይችላል፤ ለረመዳንም እንዲሁ ነው። ጸበል የምትሄጂ ከሆነም ክኒኑን ይዘሽ ሂጂ።

እያቆምሽ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ማዞርና ንዝር ከማቆሙ ነው፤ ካስቸገረሽ ወደ ቀድሞው መጠን ተመልሰሽ ቀስ ብለሽ መቀነስ ትችያለሽ። ከሳምንታት በኋላ ቀስ እያለ የሚመለሰው ሐዘን፣ በምንም ነገር ደስ አለመሰኘት፣ ጠዋት መነሳት አለመቻል ደግሞ በሽታው ራሱ ነው፣ ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ለአንድ ሰው ተናገሪ፣ ከእሱ ጋር በአቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። አሜሪካ ከሆንሽ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውዪ።